ሁለት ቋጠሮ የጎደለው ገመድ

ጥቅምት 3 ቀን

«አንድ ዘመዴ ቀያሽ ነው። የልጃገረዶች ቡድን ሲመራ ከኋላ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ልጆቹን እንደ መሬት ይለካቸዋል፤ ሲስቁ ሰዓቱን ያያል። እንዲህ ያለ መሪ ትምህርቱን ይጨርስ ይሆናል፤ ልጆቹ ግን በሚቀጥለው ሳምንት አይመለሱም።»

ለተከበርሽው የአክስቴ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? ፈጣሪ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጣችሁ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ ያበቃል።

ከላይ የገለበጥኩት ቃል ያንቺ ነው። «ጨዋታና ትምህርት፤ ለልጃገረዶች ቡድን መሪዎች» ብለሽ ካሳተምሽው መጽሐፍ፣ ገጽ አርባ አንድ፣ ሁለተኛው አንቀጽ። አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም፣ አንዲት ነጥብ አልቀነስኩም።

መጽሐፉን ያሳየሽኝ አንቺ አይደለሽም። ባለፈው ሰኞ የአዳራሹ ኃላፊ አስጠራችኝ። ክፍሏን ታውቂዋለሽ፤ ቁልፎች በቁጥር የተሰቀሉበት ሰሌዳ፣ እስከ ጣሪያ የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ሁለት ሰው ቆሞ የማይተላለፍበት። መጽሐፍሽ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። «ሰዓቱን ያያል» ከሚለው ሥር በእርሳስ ተሰምሮበታል።

«እኔ የምለው፣» አለችኝ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ «እዚህ ሰፈር ልጃገረድ የሚያስተምር ቀያሽ ከእርስዎ ሌላ አለ እንዴ?»

«የለም» አልኳት።

«እንግዲያው እርስዎ ነዎታ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። የአዳራሹ ኮሚቴ የካቲት 20 ቀን ይሰበሰባል። የቅዳሜውን ቡድን ከእኔ ወስዶ በዚህ መጽሐፍ ለሠለጠነች መሪ ለመስጠት ሐሳብ ቀርቧል። ማስረጃው መጽሐፍሽ ነው።

አሁን ልብ በይ። ይህን ቡድን ያቋቋመችው እህቴ እትዬ ናት። አዋላጅ ሆና ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፊቷን ታጥባ አዳራሹ ውስጥ ትገኝ ነበር። ስትሞት ሃያ ሰባት ልጆች ነበሩ። ዛሬ ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ስም ጥሪው በእጄ ነው። «አይመለሱም» ያልሻቸው ልጆች እነዚህ ናቸው። ሰዓቴን የማየው አዳራሹን በአምስት ሰዓት ለሌላ ስብሰባ ስለምናስረክብ ነው። እትዬ ታሳልፍ ስለነበር በየሳምንቱ መብራት ያጠፉባት ነበር። እኔን አንድም ቀን አጥፍተውብኝ አያውቁም።

ገጽ አርባ አራት ላይ ደግሞ «ራሴ የፈጠርኩት የገመድ ጨዋታ» ይላል። ያ ጨዋታ የማን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። የማታውቀው የአዳራሹ ኃላፊ ብቻ ናት። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያርም ደብዳቤ በስምሽ ፈርመሽ ለእሷ ላኪ። ስልክ አትደውዪ። በስልክ የተባለ ነገር ማታውኑ አልተባለም ይሆናል።

የአጎትሽ ልጅ


ህዳር 6 ቀን

ለምወድህና ለማከብርህ ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ይድረስህ። ቤትህ ሰላም ይሁን፣ ጉልበትህ አይድከም። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ትልቋ ልጄ ቁመቷ በለጠኝ፤ ትንሿ ጥርሷን እያወለቀች ነው፤ ሁለት ወልቆ አንዱ ይወዛወዛል። «ያ ቀያሹ ጋሼ አሁንም ጫማውን በመስመር ነው የሚደረድረው?» ትልሃለች። ምን ልበላት?

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። የምሠራበት የወጣቶች ማእከል አዲስ ቡድን ጀምሮ ጠዋት የገባሁ ሲመሽ ነው የምወጣው። ሁለቴ ደውዬልህ አላነሳህም።

ስለ መጽሐፉ፣ ጋሼ፣ አንተን ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ ያህል የተጻፈ ነው። መሪዎች ትምህርቱን ብቻ ይዘው ጨዋታውን እንዳይረሱ ብዬ ነው። ደግሞ በዘመዶቻችን ውስጥ ቀያሽ አንተ ብቻ ነህ እንዴ? ነገሩን አታክብደው። የአዳራሹ ኃላፊም ስትቀልድ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ላስቸግርህ። መጽሐፉ ሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ነው፤ አራት ሺህ አልቆ ሰው እየጠየቀ ነው። አሳታሚው ሥዕል ጨምሪበት ብሎኛል። የእትዬ ገመድ አሁንም አንተ ጋ ካለ ፎቶ አንስተህ ብትልክልኝ? ልጆቹ ይዘውት ቢሆን ይበልጥ ያምራል። ሲስቁ ብታነሳቸው ደግሞ፣ በቃ!

ሰላምና ጤና ካንተ ጋር ይሁን።

ያቺው ትንሿ የአክስትህ ልጅ


ህዳር 16 ቀን

ለተከበርሽው የአክስቴ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ለቤትሽ ይሁን። የትንሿ ጥርስ በደህና ይውጣ። ጫማዬን አዎ፣ በመስመር ነው የምደረድረው፤ ንገሪያት።

መልስሽ ሠላሳ ሦስት ቀን ቆየ። ፖስታው የሚፈጀው አሥር ቀን ነው፤ የቀረው ያንቺ ነው። ዘመዶቻችንን በአባትም በእናትም ወገን ቆጠርኩ። ሁለት ሹፌር፣ አንድ መድኃኒት ቀማሚ፣ አራት አስተማሪ፣ ሥራ የፈታ አንድ፣ ቀያሽ አንድ። «አንተን ማለቴ አይደለም» የሚለው ቃልሽ ውኃ አያነሳም።

የገመዱን ፎቶ ጠየቅሽኝ። ገጽ አርባ አራት ላይ ራስሽ የፈጠርሽው ጨዋታ መሳሪያው እኔ መሳቢያ ውስጥ ምን ያደርጋል? ይህን ለአሳታሚው እንዴት ልታስረጂው እንዳሰብሽ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ደብዳቤ ለኃላፊዋ አልላክሽም። መልካም። እኔም እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። የመጽሐፍሽን አንድ ቅጂ ከኃላፊዋ ተውሻለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ቡድኑን የምመራው በእሱ ነው። ከገጽ አርባ አራት እስከ አርባ አምስት፣ ቃል በቃል። አንድም ነገር አልጨምርም፣ የተሳሳተም ቢኖር አላርምም። ልጆቹ ይሞክሩት፣ ይለኩት፣ ይጻፉት። ፍርዱን ከእነሱ ትሰሚያለሽ።

የአጎትሽ ልጅ


ህዳር 24 ቀን

ለተከበርሽው የአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። መልስሽን ሳልጠብቅ የምጽፈው ቃሌን ስለፈጸምኩ ነው።

ልጆቹን ግማሽ ክብ አድርጌ አስቀመጥኳቸውና መጽሐፉን ለጠበቃዋ ሰጠኋት። ጠበቃዋ የምንላት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። የማትከራከረው ነገር የለም፤ ከስም ጥሪ ጋር እንኳ ትከራከራለች። ወንበር ላይ ቆማ እንደ ችሎት ጸሐፊ ማንበብ ጀመረች።

«‹መሪው በመጀመሪያ ፈገግ ይበል።›» ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ ሜትር፣ ፈገግ ይበሉ።»

«ቀጥዪ» አልኳት።

«አይሆንም። ቃል በቃል ብለዋል እርስዎ ራስዎ።»

ፈገግ አልኩ። ከሁሉም ትንሿ፣ ድንቢጥ የምንላት፣ እጇን አወጣች። «ኧረ ይተዉት! እንዲህ ከሆነስ ሳይጀመር ቢቀር ይሻላል!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ ገመዱን እንዳዘዝሽው አደረግን። አዲስ ገመድ ተገዛ፤ «በእኩል ርቀት አሥር ቦታ ቋጥሩት፣ ጫፍና ጫፉን ግጠሙት» ይላል፤ አሥር ቦታ ቋጥረን ገጠምነው። «ሦስት ልጆች ሦስት ቋጠሮ ይዘው ይሳቡ፤ ከማዕዘኖቹ አንዱ ከክፍሉ ማዕዘን ጋር ልክ የገጠመለት ቡድን ያሸንፋል» ይላል። ሁለቱም ቡድኖች ሳቡ። አዞሩ። ቦታ ተለዋወጡ። ወለሉ ላይ ካለው ሴራሚክ ጋር አስተያዩት። አንዱ ሲጠጋ አንዱ ይሸሻል።

«እናንተ ናችሁ የምታጣምሙት!»

«እኛ? ያንቺን ክርን አታዪም? እንደ ዱላ ተገትሮ!»

«ጋሼ፣ ወለሉ ነው የተጣመመው!»

ወለሉ አልተጣመመም። ለክቼዋለሁ። አርባ ደቂቃ ታገሉ፤ ማንም አልገጠመለትም። ጠበቃዋ ገጽ አርባ አምስትን ገለጠች። «‹የተሸነፈው ቡድን ከአዳራሹ ወጥቶ አሸናፊዎቹን በመስኮት ይመልከት።›» መጽሐፉን ዘግታ፣ «ሁለታችንም ተሸንፈናል» አለች። ሠላሳ አንዱም ተሰልፈው ወጡ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ እኔና መጽሐፍሽ ቀረን። በመስኮቱ ሠላሳ አንድ ፊት ያየናል፤ አፍንጫቸው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

እኔም ሳቅሁ። ይህን ጻፊልኝ፤ ገጽ ቁጥር ስጪው።

ያን ጊዜ የአዳራሹ ኃላፊ ገባች። «ልጆቹስ?» አለች። «በገጽ አርባ አምስት መሠረት ውጭ ናቸው» አልኳት። የግድግዳውን ሰዓት አየች። አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች አላሳየችኝም። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቴን አላየሁም፤ በዚያችው ቀን ተጻፈብኝ። ይህንንም በአንቺ ሒሳብ አስቀምጬዋለሁ።

ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ መጣ። በበሩ ስወጣ ልጆቹ አልሄዱም። ድንቢጥ ደረጃው ላይ ተንበርክካ በጠመኔ ትስላለች። «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «አሥር ቋጠሮ እኮ ሁለት ዓይነት ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው የሚሠራው። ሦስት፣ ሦስት፣ አራት። ወይ ሁለት፣ አራት፣ አራት። ሌላ እንቢ ይላል። ሁለቱም ጠማማ ናቸው።» ማንም አልነገራትም። እኔም በዚያ መንገድ አስቤው አላውቅም። የተሻለው ማዕዘን እንኳ ከዘጠና ዲግሪው ቀጤ ማዕዘን ከስድስት ዲግሪ በላይ ይጎድላል። በዚያ ማዕዘን ቤት ብትሠሪ በሩ አይዘጋም።

ሠላሳ አንዱም የፈረሙበት ሪፖርት አለኝ። ድንቢጥ ከስሟ ሥር ሁለቱን ጠማማ ሦስት ማዕዘኖች ስላለች።

የአጎትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። በዚህኛው ረጅም ሰላምታ አላበዛም፤ አንተም እንደማትፈልገው አውቃለሁ።

ሠላሳ አንድ ልጆችን በእኔ ላይ አሳቅክ። ይሁን። እስካሁን አያውቁኝም ነበር፤ ከአሁን በኋላ የሚያውቁኝ በዚህ ነው። እኔ እነሱን ብዬ ነው የጻፍኩት።

ገመዱ አሥር ቋጠሮ ነው። ከቀልድህ ጋር አልከራከርም፤ ቁጥሩን ግን አውቀዋለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ እትዬ ግቢው ውስጥ ስታጫውተን መሃል የምገባው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ መቁጠር ነበር። አንድ፣ ሁለት እያልኩ ጮክ ብዬ እቆጥር ነበር። አሥር ላይ ስደርስ እትዬ «ጎበዝ!» ትለኝ ነበር። ይህን አንተ ልታስረሳኝ አትችልም። ልጆችህ አጥብቀው አልሳቡት ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ሪፖርቱን ለአሳታሚው አትላክ። ሁለተኛው እትም ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። የማእከሉ አለቃዬም መጽሐፉን አይታ ነው ሥራዬን ያሻሻለችልኝ። ፎቶውን ተወው፤ አያስፈልግም።

የአክስትህ ልጅ


ታኅሣሥ 26 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

ጤና ለአንቺም ይስጥልኝ።

ገመዱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አሁን ቆጠርኩት። አሥራ ሁለት ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ ቆጠርኩት። አሥራ ሁለት ነው። ከቢሮዬ የመጣችው ሠዓሊያችን፣ ካርታ የምትስልልን፣ ምን እንደሆነ ሳልነግራት አስቆጠርኳት። «አሥራ ሁለት፤ ምነው?» አለችኝ።

ስለዚያ ግቢ እንነጋገር ካልሽ እንነጋገር። እኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከክፍል ተምሬው መጥቼ ለእትዬ አሳየኋት፤ አሥራ ሁለት እኩል ክፍተት ያለው ገመድ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሆኖ ሲወጠር፣ ያለ ምንም መሣሪያ ቀጤ ማዕዘን ይሰጣል። በደስታ ግማሽ ሰዓት አስረዳኋት። እትዬ የታጠበ አንሶላ እያሰጣች ሰማችኝና፣ «ይህን እንዲህ ብለህ ለልጆች ብትነግራቸው ያዛጋሉ፤ ስጠኝ እስቲ» አለች። በማግሥቱ የሰፈሩን ልጃገረዶች ሰብስባ ጨዋታ አደረገችው። ምንም ሳታስረዳ መጀመሪያ አስሳበቻቸው። አስጮኸቻቸው። ሲገጥምላቸው ነው «ለምን ገጠመ?» ብላ የጠየቀቻቸው። የተሸነፈውን ቡድን ደግሞ አላስወጣችም፤ ቀጣዩን ዙር የሚመራው የተሸነፈው ነበር። ጥያቄውን የሚያወጣው፣ ዳኛ የሚሆነው እሱ ነበር። ለዚህ ነው ማንም መሸነፍ የማይፈራው። ይህን ሥርዓት እኔ ከመጽሐፍሽ ቅዳሜ በቀር አንድም ቅዳሜ አላጎደልኩትም።

ትምህርቱ የእኔ ነበር፤ ጨዋታው የእሷ ነበር። አንቺ መሃል ገብተሽ ቋጠሮ ትቆጥሪ ነበር፤ ያውም ተሳስተሽ።

ሪፖርቱ ፖስታ ውስጥ ገብቷል። የአሳታሚሽ አድራሻ ተጽፎበታል፤ ቴምብር ተለጥፎበታል። የጠየቅሁሽ እርማት እስከ የካቲት 15 ካልደረሰኝ ይሄዳል።

የአጎትሽ ልጅ


ጥር 8 ቀን

ለወንድሜ፣ ለጋሼ፣

ፈጣሪ ትዕግሥቱን ይስጥህ፤ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው እንድታነብልኝ ነው የምለምነው።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ተናድጄ ገመድ ገዛሁ። አሥራ ሁለት ቦታ ቋጠርኩት፤ ውሸታም ላደርግህ። ትልቋን ልጄን እና ባለቤቴን ሳሎን ውስጥ አስያዝኳቸው፤ ሦስተኛውን ማዕዘን እኔ ያዝኩ። ትንሿ ያ የሚወዛወዝ ጥርሷ ወልቆ አፏ ገላጣ ሆኗል፤ መሃል ገባች። «ቁጠሪ» አልኳት። ቆጠረች። «ዘጠኝ» አለች።

«እንደገና ቁጠሪ።»

«ዘጠኝ ነው እማዬ! የያዛችሁትን ልቁጠር እንዴ? አይታይም እኮ!»

ጋሼ፣ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ምን ሆንሽ ይለኛል። እትዬ ሁልጊዜ ትልቁን ጎን ብቻዋን ነበር የምትይዘው፤ ታስታውሳለህ? ልጆቹ አቅም ስለሚያጥራቸው በሁለት እጇ ሁለት ቋጠሮ ጨብጣ ትወጥረው ነበር። ሌሎቹ ልጆች ግን በጣታቸው ጫፍ ነበር የሚይዙት፤ ቋጠሮው ይታያል። እኔ የቆጠርኩት የሚታየኝን ነው። ሁለቱ በጭብጦቿ ውስጥ ነበሩ። አሥር ስል «ጎበዝ» ያለችኝ የማየውን ሁሉ ስለቆጠርኩ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አሥር ነው ብዬ ኖርኩ። መጽሐፍ ጻፍኩበት።

ከዚህ በኋላ የምነግርህን ላለመንገር ስንት ደብዳቤ ቀደድኩ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለው ቃል የእኔ አይደለም። እትዬ ሆስፒታል ሳለች የጻፈችልኝ የመጨረሻ ደብዳቤ አለ፤ አንተ ሦስት ወር እየተካሃት ስታስተምርላት። እንዲህ ትላለች፦ «ወንድሜ ቡድኑን ይይዝልኛል፤ ከእሱ የተሻለ አላገኝም። አንድ ነገር ግን አለበት። ልጆቹን እንደ መሬት ይለካቸዋል፤ ሲስቁ ሰዓቱን ያያል። እኔ ስነግረው ‹ትምህርት ነው እንጂ ሠርግ አይደለም› ይለኛል። አንቺን ይሰማል፤ ትንሿ ስለሆንሽ አይቆጣሽም። ስትመጪ ንገሪልኝ።»

መጣሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ያን ቅዳሜ ከኋላ ደብተር ይዤ የተቀመጥኩት ልነግርህ ነበር። ልጆቹ ሳቁ፤ አንተ ሰዓትህን አየህ። ስትጨርስ ወደ እኔ መጥተህ «እንዴት ነው፣ በሰዓቱ ጨረስን አይደል?» አልከኝ። ፊትህ ላይ የነበረውን ደስታ አይቼ ዋጥኩት። እቤት ስመለስ ግን ከሆዴ አልወጣ አለኝ። መጽሐፉን ስጽፍ ስምህን ሳልጠራ ከተውኩት የነገርኩህ ያህል መሰለኝ። «አይመለሱም» የምትለዋ ግን የእኔ ናት። ዓረፍተ ነገሩ እንዲያምር ብዬ ጨመርኳት።

ይቅርታ አድርግልኝ። በምን እንደምክስህ አላውቅም፤ አንተው ንገረኝ። ይቅርታ፣ ጋሼ።

ትንሿ


ጥር 24 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ጤና ለልጆችሽ። ትንሿን ከእናትሽ የተሻለ ትቆጥሪያለሽ በዪልኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሁለት ቦታ አገኘሁት። ሁለቱም አልጠቀሙኝም። የማይጠቅሙኝ ለምን እንደሆነ ልጻፍልሽ።

ስለ ቋጠሮው አልቀየምሽም። የስምንት ዓመት ልጅ የሚታያትን ትቆጥራለች። ነገር ግን መጽሐፍሽ ውስጥ የጎደሉት ሁለት ቋጠሮዎች የእትዬ እጆች መሆናቸውን አሁን አውቀሻል፤ አራት ሺህ ሰው እጆቿ በሌሉበት ገመድ እየሳበ ማዕዘኑ አልገጥም እያለው ነው። ይህ ይታረማል።

የማይታረመው ሌላው ነው። እትዬ አልጋ ላይ ሆና ለአንድ ሰው የላከችውን ቃል ለአራት ሺህ ሰው ሰጠሽው። ያን አንድ ሰው ዘለልሽው። እኔ የእህቴን የመጨረሻ ምክር ያነበብኩት በታተመ መጽሐፍ ላይ፣ ከፕላስቲክ ወንበሮች መሃል ቆሜ፣ የአዳራሹ ኃላፊ እየሳቀችብኝ ነው። ያውም የማን ቃል መሆኑን ሳላውቅ፣ አንቺን እየረገምኩ። ያን ቅዳሜ ብትነግሪኝ ምን እሆን ነበር? እቆጣ ነበር። ሳምንት አኮርፍሽ ነበር። ከዚያ አስብበት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ መቶ አንድ ቅዳሜ አልፏል፤ ቆጥሬዋለሁ። ከሁለቱ በቀር በሁሉም ልጆቹ ሲስቁ ሰዓቴን አይቻለሁ። እነዚያን ቅዳሜዎች በይቅርታ አትመልሺያቸውም። ፊቴን አይተሽ ስለዋጥሽው ዕዳው የፊቴ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ። አይሆንም። የአፍሽ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስገባ ሰዓቴን ከእጄ ፈትቼ ለድንቢጥ ሰጠኋት። «አንቺ ጠብቂልን፤ አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ንገሪን» አልኳት። ጠበቃዋ ወዲያው ተነሳች። «በምን ሥልጣን?» «በእኔ ሥልጣን» አልኩ። «እርስዎስ በምን ያያሉ?» «እኔ እናንተን አያለሁ።» አንዷ ከኋላ «ወይኔ፣ ጋሼ ሜትር ታመዋል!» አለች። ድንቢጥ ሰዓቱን እስከ ክርኗ ድረስ አስገብታ ስትስቅ ሰዓቱን ረሳችው። አምስት ደቂቃ አለፈን። መብራት አጠፉብን። ልጆቹ እልል አሉ። ይህን የምጽፍልሽ ደስ እንዲልሽ አይደለም። ምን እንደወሰድሽብኝ እንድታውቂ ነው።

አሁን በምን እንደምትክሺ ጠይቀሻል። በትክክል እነግርሻለሁ።

ለአዳራሹ ኃላፊ በስምሽ የተፈረመ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ። ኮሚቴው የካቲት 20 ሲቀመጥ ጠረጴዛው ላይ መገኘት አለበት። በደብዳቤው ላይ «አይመለሱም» የሚለው ቃል የፈጠራ መሆኑን፣ ልጆቹ ሠላሳ አንድ መሆናቸውን ታሰፍሪያለሽ፤ እኔን ማመስገን አያስፈልግም። በሁለተኛው እትም ገመዱ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ይሆናል፤ የተሸነፈው ቡድን አይወጣም፣ ይመራል። «ራሴ የፈጠርኩት» የሚለው ይሰረዝና ጨዋታውን የፈጠረችው አዋላጅ እንደነበረች፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ አድራ ትመጣ እንደነበር ይጻፋል። እንዴት ትይዘው እንደነበርም ይጻፍ፤ በሁለት እጇ፣ ሁለት ቋጠሮ ጨብጣ።

«ልጆቹን እንደ መሬት ይለካቸዋል፤ ሲስቁ ሰዓቱን ያያል» የሚለውን ግን እንዳታወጪው። ነጥብ እንዳትነኪበት። እኔን የሚመለከት ነው፤ እውነት ነው፤ ይታተም። ከሥሩ፣ ቃሉን የጻፈችው ማን እንደሆነች፣ ለማን እንዲነገር እንደላከችው፣ እና ማን እንዳልነገረ ጻፊ። ይህን የመጨረሻውን በራስሽ እጅ፣ በራስሽ ቃል። ሰው ሲያነበው እኔ እንደቆምኩት አንቺም ቁሚ።

የእትዬን ደብዳቤም ትልኪያለሽ። ቅጂ አልፈልግም። ዋናውን። የእጅ ጽሑፏን አውቀዋለሁ፤ ስትደክም መስመሩ ወደ ታች ይዘነብላል፤ ለክቼ አውቀዋለሁ። ለእኔ የተጻፈ ነው፤ አንቺ ተሸካሚ ነበርሽ።

ፖስታው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሠላሳ አንድ ፊርማና ሁለት ጠማማ ሦስት ማዕዘን ያለበት። ከላይ ያልኩት ሁሉ ካልደረሰኝ የካቲት 16 ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስሄድ፣ በራሴ እጅ ሳጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ።

ስልክ አላነሳም። መልስሽን በጽሑፍ፣ በእጅሽ ፈርመሽ፣ እስከ የካቲት 15 ቀን በእጄ አድርሺልኝ።

የአጎትሽ ልጅ